ሕዝቡ ሰባት ቀን ጠበቀ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ላይ ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ታሪክ አለ። የሙሴ እኅት ማርያም በወንድሟ ላይ በመናገሯ ለምጽ ወጣባት። ሙሴም ስለ እርሷ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። እርሷም ከሰፈር ውጭ ሰባት ቀን ተዘግቶባት እንድትቀመጥ ታዘዘ። መምህራኖቻችን ይህን ምዕራፍ ሲያስተምሩን አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በሐሜት ክፋትና በሙሴ ትሕትና ላይ ነው፤ ትምህርቱም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በቍጥር 15 መጨረሻ ላይ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ቁም ነገር ተጽፏል። ከግብፅ የወጣው ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ተስፋይቱን ምድር ለማየት የናፈቀው ያ ሁሉ ጉባኤ፣ አንዲት ሴት ከሰፈር ውጭ በመሆኗ ድንኳኑን ሳይነቅል ጠበቀ። እርሷ እስክትመለስ ድረስ አልተጓዘም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው ያሰብነው ጥያቄ ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ወረርሽኝ መጥቶ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ለምእመናን በሚዘጋበት ጊዜ፣ ተመልሰን በአንድነት የምናመልክበትን ቀን በምን እናውቀዋለን? ናፍቆታችን ይወስነዋልን? ወይስ የቀን መቁጠሪያው? ወይስ ሌላ መለኪያ አለ?

ይህ ጥያቄ ያለፈበት የሚመስለው ወንድም ሊኖር ይችላል። ነገር ግን በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ በሽታ መከሠቱ በተነገረ ሰሞን፣ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመን እርስ በርሳችን የተጠያየቅነው ይህንኑ ነበር። ያን ዕለት ሁለት ዐይነት መልስ ሰማን። አንዳንዶቻችን፣ «በ2012 የዘጋነው በእምነት ማነስ ነው፤ ሁለተኛ አይደገምም» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ፣ «ከመጣ ወዲያው መዝጋት ነው፤ የሚከፈተውም በሽታው ፈጽሞ ሲጠፋ ነው» አልን። ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን ሁለታችንም ካለፈው ነገር ብዙ እንዳልተማርን ተሰማን። ይህችን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣንም ይኸው ነው።

ነገሩን ከመነሻው እናስታውስ። በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉና ብዙ ሰው የሚገኝባቸው ስብሰባዎች እንዲቆሙ መንግሥት አስታወቀ። መጋቢት 27 ቀን የመጀመሪያው ሞት ተሰማ። በማግሥቱ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ያዘጋጀው የአንድ ወር የጸሎት መርሐ ግብር ተጀመረ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ 4 ሰውና ከዚያ በላይ ሆኖ መሰብሰብም ተከለከለ። በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሴው በተወሰኑ ካህናትና ዲያቆናት እንዲፈጸም፣ ምእመናንም በያሉበት ሆነው እንዲጸልዩ መመሪያ ሰጠች።

እኛ ያን ጊዜ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። በሐምሌ 19 እና በታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ሲሆን ከየአቅጣጫው ሕዝብ ሲጎርፍባት ያየናት ሐዋሳ፣ በዚያ ሰሙነ ሕማማት እንዴት እንደነበረች ማን ይረሳል? የሆሣዕና ዕለት ዘንባባ ሳናስር ዋልን። ስግደቱን በየጓዳችን ሰገድን። ዓርብ ስቅለት ከአጥቢያችን ድምፅ ማጉያ የሚመጣውን ንባብ በግቢያችን ቆመን አዳመጥን። ሚያዝያ 11 ቀን በትንሣኤ ሌሊት ጧፋችንን ያበራነው በቤታችን ነው። ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ደጁ የሚመጡ፣ የተዘጋውን በር ተሳልመው፣ ግንባራቸውን በብረቱ ላይ ጥቂት አሳርፈው ዝም ብለው የሚመለሱ እናቶችን አየን። ብዙዎቻችን ቤተ ክርስቲያን ለእናቶቻችን ምን እንደሆነች በእውነት የገባን ያን ጊዜ ነው።

ያ ዘመን ከነመከራው ያስተማረን ነገር ነበር። ነቢዩ ዳንኤል በባዕድ ሀገር ሳለ በቤቱ ሰገነት ወደ ኢየሩሳሌም አቅጣጫ መስኮቱን ከፍቶ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር (ዳን. 6፥10)። መቅደሱ ሩቅ ቢሆንም ጸሎቱ አልተቋረጠም። እኛም ቤተሰብ ተሰብስቦ ውዳሴ ማርያም መድገምን፣ አባት ለልጆቹ ወንጌል ማንበብን ያኔ እንደ አዲስ ጀመርን። ይሁን እንጂ ዳንኤል መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም የከፈተው መመለስን ተስፋ ስለሚያደርግ እንደሆነ አንርሳ። በቤት መጸለይ ከጉባኤ የመለየት ልማድ እንዳይሆንብን የዕብራውያን መልእክትም ያስጠነቅቀናል (ዕብ. 10፥25)። ስለዚህ መመለስ አለብን በሚለው ሁላችንም እንስማማለን። ክርክሩ ያለው መቼና እንዴት በሚለው ላይ ነው።

በመጀመሪያ፣ «በቤተ ክርስቲያን በሽታ አይተላለፍም፤ መፍራት ክሕደት ነው» የሚለውን አሳብ እንመርምር። ይህን የሚሉትን ልንነቅፋቸው አንቸኩልም፤ ብዙዎቹ ከእኛ ይልቅ የጾሙና የጸለዩ ናቸውና። እኛም ቅዱስ ቁርባን የሕይወት መድኃኒት እንጂ የበሽታ ምንጭ እንዳይደለ እናምናለን። ጸበሉንም መስቀሉንም እናከብራለን። ነገር ግን የጎረቤታችን ሳል ቅዱስ ቁርባን አይደለም። አጠገባችን የቆመው ሰው ትንፋሽ በመቅደስ ውስጥም ቢሆን ያው የሰው ትንፋሽ ነው። ጌታችንን ዲያብሎስ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር የፈተነው የት ላይ አቁሞት ነበር? በመቅደስ ጫፍ ላይ አይደለምን? (ማቴ. 4፥5-7) ይህም እግዚአብሔርን መፈታተን በገበያና በጎዳና ብቻ የሚፈጸም ኃጢአት እንዳልሆነ ያሳየናል። በመቅደስም፣ መዝሙር እየተዘመረም ሊፈጸም ይችላል።

ስለ መዝሙር ካነሣን፣ እኛን መዘምራንን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር እንጥቀስ። መጋቢት 1 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በሽታው በሀገራችን መግባቱ ሊነገር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ስቴት 61 መዘምራን ለ2 ሰዓት ተኩል ልምምድ ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው አንዱ ጉንፋን የመሰለ ሕመም ነበረበት። ከ61ዱ 53ቱ ታመሙ፤ 2ቱም ሞቱ። ክፉ ሥራ ሊሠሩ አልተሰበሰቡም፤ ሊዘምሩ ነው። ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት በሽታው የሚተላለፈው ከአፍና ከአፍንጫ በሚወጣ ጠብታና በአየር ላይ በሚንሳፈፍ ረቂቅ ብናኝ ነው። ድምፅን ከፍ አድርጎ መዘመርም ይህን ያበዛዋል። መስኮቱ በተዘጋ ቤት ውስጥ ደግሞ አየሩ የሚሄድበት ስለሌለ እዚያው ይቆያል። ከዚህም በላይ፣ የያዘው ሰው ሕመም ሳይሰማው ለሌላ ሊያስተላልፍ ይችላል።

አባቶቻችንም ቢሆኑ ጸሎትንና ጥንቃቄን ለያይተው አላዩአቸውም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ ወደ ሀገራችን ገብቶ በአዲስ አበባ ብቻ 10000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ታመው በብርቱ ጭንቅ ድነዋል። እስከ ዛሬ ድረስ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ጠርገን የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለውም የዚያ መታሰቢያ ነው። ዕለቱ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ነው። ጧት አስቀድሶ የመጣ ሰው ከሰዓት በኋላ መጥረጊያውን አንሥቶ ደጁን ይጠርጋል። መጥረጊያ ማንሣቱ ቅዳሴውን አቃልሎታል የሚል ሰው ግን ሰምተን አናውቅም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ «በሽታው ፈጽሞ ካልጠፋ አይከፈት» የሚለው አሳብ አለ። ይህም ከፍቅር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ዋጋውን አያሰላም። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ አብቅቷል ያለው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ያን ቀን እንጠብቅ ብንል ኖሮ ደጃችን ከ3 ዓመት በላይ ተዘግቶ በኖረ ነበር። ያም ሆኖ ድርጅቱ በሽታው ጠፋ አላለም፤ ዛሬም አልጠፋም። በእነዚያ ዓመታት ሕፃናትን ማን ያስተምራቸው ነበር? ንስሐ የናፈቀው ወጣት ወዴት ይሄድ ነበር? ከደጀ ሰላሙ ምጽዋት ውጭ ሌላ መተዳደሪያ የሌላቸው ነዳያንስ? ገበያው ተከፍቶ፣ ታክሲው ሰው አጭቆ እየሄደ፣ ቤተ ክርስቲያን ብቻዋን ተዘግታ ብትኖር ጥንቃቄ አይባልም። ደግሞም የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከብዙ አዳራሾች የተለየች ናት፤ ሰፊ ግቢና ጥላ ያላቸው ዛፎች አሏት። ምእመናን ከቅጽሩ ውስጥ በሜዳ ቆመው ማስቀደስን ከጥንት ያውቁታል። እግዚአብሔር የሰጠንን ይህን ሜዳ በጥበብ ልንጠቀምበት ይገባል።

ታዲያ መካከለኛው መንገድ የትኛው ነው? ስለ ለምጽ የተሰጠውን ሕግ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 እና 14 እንመልከት። ከዚያ የሕክምና መጽሐፍ ለማውጣት አይደለም፤ መጽሐፉ ለዚህ አልተጻፈምና። ነገር ግን እግዚአብሔር ከጉባኤ የተለየውን ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚመልሰው ያሳየናል።

አንደኛ፣ መመለሻው የሚታወቀው በምርመራ ነው። ካህኑ ሰውየውን ሰባት ቀን ይለየዋል፤ በሰባተኛው ቀን ያየዋል። ምልክቱ ካልተለየ ዳግመኛ ሰባት ቀን ይጨምርበታል፤ ያን ጊዜም እንደገና ያየዋል (ዘሌ. 13፥4-6)። ሰባት ቀን ስለሞላ ብቻ ንጹሕ ነህ አይለውም። ቀኑ የሚቆጠረው ለማየት ነው፤ የሚፈርደው ግን የታየው ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ አመላለሱ በደረጃ ነው። የነጻው ሰው ልብሱን አጥቦ ወደ ሰፈር ይገባል፤ ሆኖም ከድንኳኑ ውጭ ደግሞ ሰባት ቀን ይቀመጣል (ዘሌ. 14፥8)። ሰፈሩ ተከፍቶለታል፤ ድንኳኑ ግን ይቆየዋል። እንግዲህ በመዝጋትና ወለል አድርጎ በመክፈት መካከል ሌላ ደረጃ እንዳለ እናስተውል።

ሦስተኛ፣ ካህኑ ራሱ ከሰፈር ወደ ውጭ ወጥቶ የተለየውን ሰው ያየዋል (ዘሌ. 14፥3)። ሰውየው መጥቶ ደጅ እስኪጠና አይጠብቅም። ከጉባኤ የተለየ ሰው የተረሳ ሰው አይደለም።

በእነዚህ ሦስት ነገሮች ያለፈውን ብንመዝነው ምን እናገኛለን? የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሲያበቃ ብዙዎቻችን በሽታው ያበቃ መሰለን። ሆኖም ከዚያ በፊት በነበረው ነሐሴ በቀን ከ1000 በላይ አዲስ ሕሙማን የተመዘገቡባቸው ቀናት ነበሩ። አዋጁ ያበቃው አምስት ወሩ ስለሞላ ነው። በ2013 መጀመሪያ ላይ የጤና ሚኒስቴር ያወጣው መመሪያ ቁጥር 30/2013 ጭንብል ማድረግንና በሁለት የአዋቂ ርምጃ መራራቅን ያዝዝ ነበር፤ እኛ ግን የሰማነው መከፈቱን ብቻ ነው። በመጋቢት 2013 በቀን ከ2000 በላይ ሕሙማን የተመዘገቡበት ጊዜ መጣ። በሀገራችን በዚህ በሽታ መሞታቸው የተመዘገበው ሰዎች ቍጥር በመጨረሻ ከ7500 በላይ ሆኗል፤ ይህም የተመረመሩትን ብቻ ይመለከታል።

አሁን ስለ ራሳችን እንናገር። ሌላውን ወቅሰን እኛ ብንዝል ይህ ጽሑፍ ግብዝነት ይሆናል።

ያ መጋቢት ዐቢይ ጾም ነበር። ባለፈው ዓመት ትንሣኤን በቤታችን ስላሳለፍን፣ የ2013ቱን በዓል ደምቀን ለማክበር ቸኮልን። ልምምዳችንን ማታ ማታ በአዳራሽ ጀመርን። ለጎረቤት ድምፅ እንዳይረብሽ ብለን መስኮቱን ዘጋን። ጭንብላችንን አገጫችን ላይ አወረድን፤ ድምፃችን ስለሚታፈን። አንድ አባት በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጆቼ፣ ግቢው ሰፊ ነው፤ ለምን ውጭ አትለማመዱም?» አሉን። ከበሮውን ብርድ ይመታዋል ብለን መለስንላቸው። ሐዋሳ ላይ ከበሮ የሚጎዳ ብርድ እንደሌለ እኛም እርሳቸውም እናውቃለን፤ ዝም ብለው ሄዱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥቂቶቻችን ማሳል ጀመርን። ጉንፋን ነው አልን። ወጣቶች ስለሆንን በጥቂት ቀን ተሻለን፤ የተመረመረም አልነበረም። በዚያው ወር ከመካከላችን የአንዱ ወንድማችን አያት ታመው ዐረፉ። እኒያ እናት በሽታውን ፈርተው ለአንድ ዓመት ከግቢያቸው አልወጡም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አልመጡም። ከቤታቸው ወጥቶ የሚገባው የልጅ ልጃቸው ነበር፤ የሚወጣውም ወደ ትምህርት ቤትና ወደ እኛ ልምምድ ነበር።

ከእኛ ነው የያዛቸው ለማለት ማስረጃ የለንም። ከእኛ አይደለም ለማለትም ማስረጃ የለንም። ለቅሶ ደረስን፤ ፍትሐቱ ላይ ቆምን፤ ድንኳን በመትከልና እንግዳ በማስተናገድ ረዳን። ያን ነገር ግን አንዳችንም አላነሣነውም። ወንድማችን ለብዙ ጊዜ ከልምምድ ቀረ፤ በኋላ ተመለሰ፤ እርሱም አላነሣውም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ አንድም ይቅርታ መጠየቂያ ነው። ወንድማችን ሆይ፣ በሩ ላይ የቆሙትን አባት አልሰማንምና ይቅር በለን።

ከዚህ ነገር የተማርነው አንድ ነው። እኛ የመመለሻውን ቀን የለካነው በራሳችን ጤንነትና በራሳችን ናፍቆት ነበር። በመካከላችን ደካማ የሆነው ሰው ማን እንደሆነ አልጠየቅንም። የእስራኤል ሕዝብ ግን ጕዞውን የለካው ከሰፈር ውጭ በቀረችው ሴት ነው። እርሷ እንኳ በበደሏ ነበር የተለየችው፤ ሕዝቡ ግን ጥለናት እንሂድ አላለም። ያለ በደላቸው በዕድሜና በሕመም ምክንያት በቤት የቀሩትን አረጋውያን እንደምን አንጠብቃቸውም? ቅዱስ ጳውሎስ የእርሱ መብል ደካማውን ወንድም የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋን ለዘለዓለም ሊተው እንደፈቀደ ጽፏል (1ኛ ቆሮ. 8፥13)። እርሱ መብላት ይችል ነበር፤ እኛም መዘመር እንችል ነበር። የሚቻለውን ሁሉ ስለ ወንድም ሲባል ለጊዜው መተው የእምነት ማነስ ነውን?

ጌታችን ራሱ ከትንሣኤው በኋላ ያደረገውን እናስታውስ። ደቀ መዛሙርቱ በራቸውን ዘግተው ሳሉ መጣ፤ ቶማስ ግን አልነበረም። ከስምንት ቀን በኋላ እንደገና መጣ፤ የቀረውን አንዱን ለማግኘት (ዮሐ. 20፥26-27)። ዐሥሩ አይተውታል፤ ደስታቸውም ፍጹም ነበር። ለእርሱ ግን አንድ የጎደለበት ጉባኤ ገና የሚመለስበት ጉባኤ ነበር። ይህን ቀን ዳግማይ ትንሣኤ ብለን በየዓመቱ እናከብረዋለን።

እንግዲህ ወደፊት እንዲህ ያለ ጊዜ ቢመጣ፣ እግዚአብሔር ያርቀው፣ ደጁን የመክፈትና የመዝጋት ውሳኔ የእኛ የወጣቶች አይደለም። የቅዱስ ሲኖዶስ፣ የሀገረ ስብከቱ፣ የሰበካ ጉባኤው ነው፤ የጤና ባለሙያዎችም ምክር አለበት። እኛ ግን አባቶች ሲመክሩ የምናቀርበው ጥያቄና የምናዘጋጀው አገልግሎት አለ። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው።

1ኛ. በከተማችን ሕመሙ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? የአንድ ቀን ወሬ አይበቃም። ኮሮና ከተያዘ ሰው ላይ ምልክቱ እስኪታይ እስከ 14 ቀን ሊወስድ ይችል ነበር፤ ስለዚህ ሁለት ሳምንት አይቶ ደግሞ ሁለት ሳምንት ማየት ያስፈልጋል። ለሌላ በሽታ የራሱን ጊዜ ባለሙያ መጠየቅ ነው።

2ኛ. ብንሳሳትና ሰው ቢታመም ሆስፒታሎቻችን የሚቀበሉበት አልጋ፣ የሚተነፍስበት ኦክሲጅን አላቸው ወይ?

3ኛ. የሚጀመረው በየትኛው ነው? በግቢ ማስቀደስ ከአዳራሽ ጉባኤ ይቀድማል፤ አጭሩ ከረጅሙ፣ ጥቂቱ ከብዙው ይቀድማል። የእኛ ልምምድ የመጨረሻው ቢሆን አይክፋን።

4ኛ. ስንከፍት በቤት የሚቀረው ማን ነው? ስሙን እናውቃለን ወይ? ማን ይጠይቀዋል? ካህኑስ በምን ቀን ይሄድለታል?

5ኛ. ሕመሙ ቢያገረሽ ሳናፍር መልሰን ለመዝጋት ዝግጁ ነን ወይ? ዳግመኛ ሰባት ቀን የተጨመረበት ሰው ተሸነፈ አልተባለም።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ የቀረበው አራተኛው ነው። ለዚህም ወረርሽኝ መጠበቅ አያስፈልገንም። በአጥቢያችን በሕመምና በእርጅና ምክንያት ከቤት የማይወጡ አባቶችና እናቶች ዛሬም አሉ። በግድግዳው ሥር ሁልጊዜ የሚቀመጡበትን ቦታ እናውቀዋለን፤ ቦታው ባዶ ከሆነ ስንት ሰንበት እንዳለፈ ግን አልቆጠርንም። ስለሆነም ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ በየሰፈራችን ተከፋፍለን ዝርዝራቸውን እንድንይዝ፣ ሁለት ሁለት ሆነን እንድንጠይቃቸው፣ የንስሐ አባቶቻቸውንም እንድናስታውስ አሳብ እናቀርባለን። ስንሄድ ጉንፋን የያዘው ይቅር፤ እጃችንን እንታጠብ፤ በረንዳ ላይ እንቀመጥ። እናቶቻችን ግቡ፣ ቡና ይፈላል እንደሚሉን እናውቃለን። ቡናውንም በረንዳው ላይ እንጠጣዋለን።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ወደ ተስፋይቱ ምድር የምንጓዝ ሕዝብ ነን። መጓዛችን መልካም ነው፤ መቸኮላችንም ከናፍቆት ነው። ነገር ግን ድንኳናችንን ከመንቀላችን በፊት ወደ ሰፈሩ ዳር ዞር ብለን እንይ። ከውጭ የቀረ ሰው ካለ እንጠብቀው፤ እየጠበቅንም እንጎብኘው። ሕዝቡ ሰባት ቀን በመጠበቁ ወደ ከነዓን መግባት አልቀረበትም።

የሰላም አምላክ ሀገራችንንና ዓለምን ከቸነፈር ይጠብቅልን። በወረርሽኙ ያረፉትን ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ለእኛም ደካማውን የሚጠብቅ ልቡና ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።